የመሃሉ ሰማይ

ጥበቃው የጠየቀን በመጀመሪያው ቀን ነው። ገና ወንበሮቹን ከመኪና ሳናወርድ፣ ኮረብታው ላይ ካለው የስልክ አንቴና አጥር ውስጥ ሆኖ፣ «ሦስተኛዋስ?» አለ።

የእህቴ ባል የመኪናውን ኋላ ከፍቶ አጎንብሶ ነበር። ቀና ሳይል፣ «አርፋለች» አለው።

«እሰይ! ጥሩ አደረገች» አለ ጥበቃው። «ሰው ማረፍ አለበት። አምና ራሱ ደክሟት ነበር፣ እኔ አይቻታለሁ። መቼ ትመለሳለች?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እህቴን ከቀበርናት አምስት ወር ሆኖናል። የእህቴ ባል «ሞታለች» ማለት ከብዶት የጨዋውን ቃል መረጠ፤ ጥበቃው ደግሞ ፈቃድ ወጥታ እግሯን ዘርግታ የተኛች መሰለው። አፈ ሹል መሆኔን የሚያውቅ ያውቃል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዱን ማረፍ ከሌላው ማረፍ ለይቼ አስተምረው ነበር። የእህቴ ባል «እንጃ» አለና ወንበር ማውረዱን ቀጠለ። ሦስት ወንበር ነው ያወረደው። እኔም ሦስቱንም ዘረጋሁ፣ በየቦታቸው አስቀመጥኩ፣ የግራው ላይ ተቀመጥኩ።

ሥራችን አሞራ መቁጠር ነው። አትሳቁ፤ ዘመዶቻችን ስቀው ጨርሰዋል። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እያሉ ሃያ ሁለት ዓመት ተርተውብናል። በያመቱ ብርዱ ሲጀምር ንስሩ፣ ጭላቱ፣ ጭልፊቱ፣ ሥጋ በል የተባለ ወፍ ሁሉ ወደ ሙቅ አገር ይሄዳል። ትልቅ ክንፍ ያለው ወፍ ውሃ ላይ መብረር አይወድም፤ ከመሬት የሚነሳ ሙቅ አየር ካላገኘ ክንፉን ሲያራግብ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ከሐይቁና ከተራራው መሃል ባለችው ጠባብ መሬት፣ በእኛ ኮረብታ አናት ላይ ያልፋል። እኛ ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ ሠላሳ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠን እንቆጥረዋለን። ቁጥሩን ለወፎች ጥናት ቢሮ እንልካለን። ወፉ በዛ ወይስ አነሰ የሚለውን ቢሮው የሚያውቀው ከዚያ ነው።

ይህን ጣጣ ያመጣችብን እህቴ ናት። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። እኔ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ክኒን በአምስት በአምስት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «መቁጠርማ ታውቂበታለሽ» ብላ ጎትታ አወጣችኝ። ባሏ መሬት ቀያሽ ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ሰው ቀያሹ ነው የሚለው። በሜትር የሚያስብ፣ በሴንቲሜትር የሚናገር ሰው ነው፤ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ስኳሩን ከማንኪያው አፍ ጋር በቢላ አስተካክሎ ነው። እኔን «እትዬ» ይለኛል። በዕድሜ እኩያ ነን፣ ግን እህቴ እትዬ ስለምትለኝ እሱም ለመደው።

ሰማዩን ለሦስት ተካፍለነዋል። ግራው፣ ከሐይቁ እስከ ውሃ ታንከሩ ያለው፣ የእኔ ነው። ቀኙ፣ ከአንቴናው እስከ ድንጋይ ካባው፣ የቀያሹ። መሃሉ፣ ከውሃ ታንከሩ እስከ አንቴናው ያለውና ከአናታችን በላይ ያለው ሁሉ፣ የእህቴ ነው። ለዚህም ነው የእሷ ወንበር ብቻ ወደ ኋላ የሚተኛው። እያንዳንዳችን መቁጠሪያ አለን። የጸሎቱን ማለቴ አይደለም፤ በመዳፍ ተይዛ፣ በአውራ ጣት ቀጭ ሲያደርጓት አንድ የምትጨምረዋን ትንሽ የብረት ዕቃ ማለቴ ነው። ወፍ ክብ ሠርቶ ሲዞር አይቆጠርም፤ መዞሩን ትቶ ሰልፍ ይዞ ሲያልፍ ነው ቀጭ የሚባለው። ሰዓት ሲሞላ ቀያሹ ወረቀቱን ይይዝና «ግራ?» ይላል፤ እኔ ከመቁጠሪያዬ አነብለታለሁ። «መሃል?» ይላል፤ እሷ ታነባለች። የራሱን ይጨምራል፣ ይደምራል፣ ሦስታችንም መቁጠሪያችንን ወደ ዜሮ እንመልሳለን።

አንድ የማይጣስ ሕግ ደግሞ አለን፤ የሰው ሰማይ አይነካም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዱን ንስር እኔም እሷም እየቆጠርነው ሁለት ይሆን ነበር። «የኔ ላይ ነው ያለፈው!» «እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁት!» እየተባባልን ፀጉር ለፀጉር ልንያያዝ ምንም አልቀረንም። በመጨረሻ ሕጉን እሷ አወጣችው። «አፍንጫሽ ላይ ቢያርፍ እንኳ መሃል ከሆነ የኔ ነው። «መሃል!» ብለሽ ጥሪኝና የራስሽን እዪ» አለችኝ። በዚያ ተስማምተን ሃያ ዓመት ኖርን።

ዘንድሮ ቁጥሩ ከሌላ ጊዜ የበለጠ ይፈለግ ነበር። እህቴ ከማረፏ በፊት ከቢሮው ደብዳቤ መጥቶላት ነበር። በእኛ ኮረብታ የሚያልፈው ወፍ ሦስት ዓመት በተከታታይ ቀንሷል፣ ዘንድሮም ካነሰ ጣቢያው ይዘጋና ቆጠራው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት የተጻፈው እዚያ ላይ ቆመ ማለት ነው። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችውና፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይዘጉትም!» አለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች፣ አልተነሳችም። ልጅ አልወለደችም። ከእሷ የቀረን ነገር ቢኖር ያ ኮረብታና ያ ቁጥር ነው፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ቀያሹም ያውቃል።

ስለ ሐዘኑ ብዙ የምለው የለኝም። በቀብሩ ቀን ጎረቤቶች «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሉኝ። ምኑ ይውጣልኝ? ጥርስ ሊነቅሉ የሚሰጡትን ማደንዘዣ ታውቁታላችሁ። ከንፈራችሁ የት እንዳለ አታውቁም፤ ምራቃችሁ እየወረደ «ደህና ነኝ» ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። በላሁ፣ ተኛሁ፣ ገበያ ሄድኩ፣ ለሰላምታው ሁሉ መልስ ሰጠሁ። አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው፤ መድፋቴን ግን አላወቅኩም።

እንዲህ ሆነን ነው ኮረብታው ላይ የወጣነው። ቀያሹ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይመጣና ክላክስ ሳያደርግ በር ላይ ይጠብቀኛል። ዳቦ ቤቱ ጋ ይቆማል፣ ሦስት ዳቦ ይገዛል። ድሮም ሦስት ነበር። አንዱ በላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ይውልና ጥበቃው ለውሻው ይወስደዋል። ስለ ዳቦውም አላወራንም። ኮረብታው ላይ እሱ ቀኝ፣ እኔ ግራ፣ መሃላችን ባዶ ወንበር። ሰዓት ሲሞላ «ግራ?» ይላል። «አሥራ ዘጠኝ» እላለሁ። ትንሽ ዝም ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ የራሱን ጽፎ ይደምራል። «መሃል?» ብሎ አልጠራም። እኔም ለምን አትጠራም አላልኩትም። ማንን ይጥራ?

ሁለት ጊዜ አምልጦኛል። አንዴ በሦስተኛው ቀን፣ አንዴ በአሥረኛው፣ ጭላቶች በውሃ ታንከሩ በኩል ወደ መሃል ሲገቡ አይቼ፣ ሳላስበው «መሃል!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ቀያሹ የሩቅ ማያ መነጽሩን ከዓይኑ አላነሳም። አውራ ጣቴ መቁጠሪያዬ ላይ ነበረ፣ ግን አልተጫንኩትም። ጭላቶቹ አለፉ፤ እኔም ወደ ራሴ ሰማይ ተመለስኩ። ሁለት ሦስት ወፍ ነው ብዬ ተውኩት።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ልንበላ ስንል ስልኬ ጠራ። የቢሮው ልጅ ናት። ቁጥራችንን በየሳምንቱ የምትቀበለን እሷ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ዓመት አልሞላትም፣ ድምጿን እንጂ መልኳን አላውቀውም።

«ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት ነው» አለች። «የዘንድሮው ከአምናው በግማሽ ቀንሷል። ምናልባት ስህተት ይኖር ይሆን ብዬ ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል።»

«ስህተት የለም» አልኳት። «የቆጠርነውን ነው የላክነው።»

«እሺ። እንግዲያው ጣቢያው የሚዘጋ ይመስለኛል። በጣም አዝናለሁ።»

«ይሁን» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ለቀያሹ «ሊዘጉት ነው አሉ» አልኩት። እሱም «እንግዲህ» አለ። አያችሁ? እህቴ በሕይወት እያለሁ አይዘጉትም ያለችው ኮረብታ ሊዘጋ ነው፤ እኔ «ይሁን»፣ እሱ «እንግዲህ» አልንና ዳቦአችንን ገመጥን። ጨው አልነበረውም፣ ወይም ለእኔ አልታወቀኝም።

ጥበቃው የውሻውን ዳቦ ሊወስድ መጣ። ወሬ የሚወድ ሰው ነው። የፊት ጥርሶቹ አልቀው እያለ እኔን «እማማ» ይለኛል፤ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ፣ አይሰማም። «ምነው ዛሬ ከፍቷችኋል?» አለ።

«ጣቢያው ሊዘጋ ነው። ወፍ የለም ተባለ።»

«ወፍ የለም?» ብሎ ሳቀ። «እማማ ይቀልዳሉ እንዴ? ይኼ ሁሉ ታዲያ ምንድን ነው?» በዳቦው ወደ ላይ አመለከተ።

ቀና አልኩ።

ከአናታችን በላይ፣ በጣም ከፍ ብሎ፣ ብልቃጥ ተገልብጦ ክኒን የፈሰሰ ይመስል ነበር። ጥቋቁር ነጥቦች ክብ ሠርተው ይዞራሉ። ከዙሩ አናት ላይ አንድ አንድ እያሉ እየወጡ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ በአንድ መስመር ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ንስሮች ናቸው። ድምፅ የላቸውም። እነሱን ለማየት መነጽር እንኳ አያስፈልግም፤ አንገት ያለው ሰው ሁሉ የሚያያቸው ናቸው።

«በየቀኑ እኮ ነው» አለ ጥበቃው። «በተለይ እኩለ ቀን ላይ። ከትናንት በስቲያማ ከዚህም የባሰ ነበር። እኔ ጥበቃ ቤቷ ደጃፍ ተንጋልዬ እሱን ሳይ ነው የምውለው።»

«አንተ ሰውዬ! ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ እያየህ አትነግረንም?»

«ምን ብዬ እማማ? ባለሙያዎቹ እናንተ። ደግሞ መሃሉ የሴትዮዋ አይደለም እንዴ? በያመቱ አያለሁ እኮ፣ እርስዎ አንዷን ወፍ ቢነኩባት እንዴት እንደምትቆጣ። አርፋለች ስላላችሁኝ፣ ስትመለስ የቀረውን ትቆጥረዋለች ብዬ...» አለና ፊታችንን አይቶ አቆመ።

ቀያሹን አየሁት። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የሃያ ሦስት ቀን ድምር ላይ አፍጥጧል።

«ሞታለች» አልኩት ጥበቃውን። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። አምስት ወር ሙሉ «ከዚያ ወዲህ»፣ «ያ ነገር ከሆነ በኋላ» እያልኩ ነበር የማወራው። «አርፋለች ያልንህ ሞታለች ማለታችን ነው። እህቴ ሞታለች።»

ጥበቃው ዳቦውን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ጥሩ አደረገች አልኩ እኮ! እኔ ከንቱ! ጥሩ አደረገች አልኩ!» እያለ ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ እንባው ጺሙ ላይ ወረደ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ትከሻውን መታ መታ እያደረግሁ «አይዞህ፣ አላወቅህም» እለዋለሁ። አልቃሹ እሱ፣ አጽናኟ እኔ። ያኔም አንዲት እንባ አልወጣኝም።

የዚያን ቀን ከዚያ በኋላ ማናችንም አልቆጠርንም። ዕቃችንን ሰብስበን ወደ ቀያሹ ቤት ወረድን። የቀኑ ወረቀት ወደ ንጹህ ቅጽ የሚገለበጠው እነሱ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የእህቴ የንባብ መነጽር ፍሪጁ ላይ እንዳስቀመጠችው አለ። ቀያሹ ፍሪጁን በየሳምንቱ ይወለውላል፣ መነጽሩን ግን አያነሳውም፣ ዙሪያውን ብቻ ነው የሚጠርገው። ከሥሩ የመነጽር ቅርጽ ያለው አቧራ ተኝቷል። ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ስማኝ» አልኩት። «አምና የእሷ ከጠቅላላው ግማሽ አካባቢ ነበር። ካቻምናም እንደዚያው። የእኛን እጥፍ እናድርገውና እንላከው። ኮረብታው ይተርፋል። ማን ያውቃል?»

ቀያሹ እርሳስ እየቀረጸ ነበር። «ሄጄ ያላየሁትን መሬት ቀይሼ አላውቅም» አለ።

«አሁን ስለ መሬት ማን አነሳ?»

«እትዬ፣ እሷ ብትሆን ትጽፈው ነበር?»

«ትገድለኝ ነበር» አልኩ።

ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠና፣ «እኔ አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«መሃል ላይ ወፍ እንዳለ። አንዳንዱ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ጥላው ወረቀቴ ላይ ይሄዳል። ቀና ካልኩ ግን ወንበሯን አያለሁ። ባዶውን ወንበር ከማይ...» እርሳሱን መልሶ አነሳ። «አንቺ ታይዋለሽ ብዬ ነበር» አለ።

«እኔ ደግሞ የሰው ሰማይ አይነካም ብዬ ነበር» አልኩት።

ልናደድበት ፈለግሁ። በራሴም ልናደድ ፈለግሁ። ንዴቱም አልመጣም። ቢሮው ሳይዘጋ ብዬ ስልኬን አነሳሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ስህተት አለ» አልኳት ልጅቷን። «ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ መሃሉን አላየነውም። ሦስት ነበርን፣ ሁለት ሆነናል። መሃሉን የምትቆጥረው እህቴ ነበረች፣ ሞታለች።» ሁለተኛ ጊዜ ስለው ትንሽ ቀለለ።

«ነፍስ ይማር» አለች። «አላወቅኩም። ለእሳቸው ሁለቴ ጽፌ ነበር፣ መልስ ሲጠፋ ሥራ በዝቶባቸው ነው ብዬ...» ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። «ይቅርታ፣ ልጠይቅዎት። መሃሉ ዜሮ ነው ወይስ ያልታየ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ትልቅ ልዩነት አለው። ዜሮ ማለት ተመልክታችሁ አንድም አላለፈም ማለት ነው። ያልታየ ማለት ግን የተመለከተ ሰው አልነበረም ማለት ነው፤ ወፉ ሊኖር ይችላል። እኔ እስካሁን ያለ መሃሉ የመጣውን ሙሉ ቁጥር ነው ብዬ ነው የያዝኩት።»

ቀያሹ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ፣ «ያልታየ» አለ። «ያልታየ ብለሽ ጻፊው ልጄ።»

«እሺ። የቀሩትን ዘጠኝ ቀናት ግን መሃሉን ቁጠሩልኝ። ከአምናው ተመሳሳይ ቀናት ጋር አስተያይቼ ለኮሚቴው አቀርባለሁ፣ እስከዚያ ውሳኔው እንዲቆይ እጠይቃለሁ። ግን ቃል ልገባልዎት አልችልም።»

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኮረብታው አልተዘጋም። በዘጠኙ ቀን የመሃሉ ቁጥር የአምናዎቹን ተመሳሳይ ቀናት አልፎ ነበር፣ ኮሚቴውም ተቀበለው። እኔ የምነግራችሁ ግን ስለ ሃያ አራተኛው ቀን ነው።

ጠዋት ላይ ወንበሮቹን ስንዘረጋ ማን መሃል ይቀመጣል የሚለውን አልተነጋገርንበትም። ቀያሹ እንደማይችል አውቃለሁ። ጥበቃው ደግሞ ጺሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን አጽድቶ መጣ። «ግራውን ለእኔ ስጡኝ» አለ። «ንስርና ጭላት መለየት ባልችል መቁጠርማ አያቅተኝም።»

«ጥበቃውስ?» አልኩት።

«አንቴናው የት ይሄዳል እማማ?»

መቁጠሪያዬን ሰጠሁትና የእህቴን ላወጣ ወንበሯ ሥር ካለው ኪስ እጄን ከተትኩ። አሮጌ ሻርፗ አለ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ አለ፣ ከሥሩ መቁጠሪያዋ። አወጣሁት። መስኮቱ ላይ 67 ይላል።

የአምናው የመጨረሻ ቀን፣ የመጨረሻው ሰዓት ነው። ድንገት ዝናብ ጥሎብን፣ የጽሕፈት ሰሌዳውን ራሷ ላይ ደፍታ ወደ መኪናው እየሮጠች፣ «ስልሳ ሰባት! ስልሳ ሰባት ብለህ ጻፍ!» እያለች እየሳቀች ነበር። በዚያ ጥድፊያ ወደ ዜሮ ሳትመልሰው ኪሱ ውስጥ ወርውራዋለች። የመቁጠሪያው መመለሻ ጎኑ ላይ ያለች ቁልፍ ናት፤ አንዴ ጠምዘዝ ማድረግ ነው። ጣቴን አስቀመጥኩባት። ጠምዘዝ ብላ አራቱም ቁጥር ዜሮ ስትሆን ታየኝ። እጄን ነዘረኝ። ማደንዘዣው ሲለቅ መጀመሪያ ከንፈርን የሚነዝረው ዓይነት ነው፤ ደስ አይልም።

ቀያሹ ከቀኝ በኩል እያየኝ ኖሯል። «አትመልሺው» አለ። «መነሻ ንባብ ብለን እንጽፈዋለን። እኛ ሜዳ ላይ መሣሪያውን ሁልጊዜ ወደ ዜሮ አንመልስም። የጀመርንበትን እንጽፋለን፣ ስንጨርስ እንቀንሰዋለን።» ወረቀቱ አናት ላይ «መሃል፣ መነሻ ንባብ 67» ብሎ በዚያ በተስተካከለ እጁ ጻፈ።

ወንበሯ ላይ ተጋደምኩ። ሸራው በእሷ ልክ ረግቧል። እኔ ከእሷ እወፍራለሁ፣ ግን ተቀበለኝ። መጀመሪያ ለረዥም ጊዜ ሰማይ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ንስር ከውሃ ታንከሩ በኩል ገባ፣ ከአናቴ በላይ ሁለቴ ዞረ፣ መዞሩን ትቶ መስመሩን ያዘ። ቀጭ አደረግሁ። ስልሳ ስምንት። ኋላ ሌሎቹ ተከታትለው መጡና በአምስት በአምስት መቁጠር ጀመርኩ። የእህቴን ቁጥር ከእሷ ተቀብዬ እየቀጠልኩ ነበር። ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሰዓቱ ሞላ። ቀያሹ «ግራ?» አለ።

«አሥራ አንድ!» ብሎ ጮኸ ጥበቃው። «አንዱ ግን ቁራ ሳይሆን አይቀርም!»

«ቁራ አይቆጠርም!» አልኩት።

«እንግዲያስ አሥር!»

ቀያሹ ጻፈ። ከዚያ ሃያ ሦስት ቀን ሲያደርግ እንደከረመው ዝም አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። የራሱን ይጽፋል ብዬ ጠበቅሁ።

«መሃል?» አለ።

«ሁለት መቶ አንድ» አልኩ።

201 ብሎ ጻፈ። ከሥሩ 67 ብሎ ጻፈ። ከሥሩ መስመር አሰመረ። ከዚያ እርሳሱ እዚያው ቆመ። ይህ ሰው ተራራ በጭንቅላቱ የሚለካ ሰው ነው። ቆየ፣ ቆየ። ቀና ብሎ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ።

«እትዬ» አለ። «እኔ እሷን መቀነስ አልችልም።»

«ቀንስ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። «ስልሳ ሰባቱ እኮ አምና ተጽፏል! አሁን መልሰህ ልትጽፈው ነው? እሷ ሁለቴ መቁጠር እንዴት እንደምትጠላ እያወቅክ! በዚህ አይደል እንዴ ድሮ የተነታረክነው፣ በዚህ አይደል እንዴ...» እንባዬ መጣ። አምስት ወር የት እንደነበረ እንጃ፣ በአንዴ መጣ፤ እህቴን እህቴን እያልኩ ሕፃን ሆንኩ። ቀያሹም ወረቀቱን ደረቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ሲበርድለት ወረቀቱንና እርሳሱን ዘረጋልኝ። «አንቺ ቀንሺ» አለ።

ተቀበልኩት። ከአንድ ሰባት አይቀነስም፣ ጎረቤቱ ዜሮ ነው፣ ከእሱ ማዶ ተበደርኩ። አራት። ሦስት። አንድ። አንድ መቶ ሠላሳ አራት ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ተጣሟል፣ እንባም ነክቶታል፤ ወረቀቱ አሁንም ቢሮው ውስጥ እንደዚያው አለ።

ያኔ ጥበቃው ከግራ በኩል፣ «መሃል! እማማ፣ መሃል!» ብሎ ጮኸ።

«አየሁ!» አልኩት። በእንባው አምስት ይሁኑ ስድስት አልለይም ነበር፤ ዓይኔን በሻርፗ ጠረግሁና ቀና ብዬ እንደገና አየሁ። ስድስት ነበሩ።